ባሕር ሳያዩ የደባል ትል ዘር መቁጠር

አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ የባሕር ትል አጠናለሁ ስል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ይሳቅ። ትሏ ስታይሎኮፕላና ፑሲላ ትባላለች፤ ጃፓን ውስጥ ውኃው ሲሸሽ በሚገለጠው ድንጋያማ ዳርቻ፣ ሞኖዶንታ የተባለ ቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ተጠግታ ትኖራለች። ኪራይ የማትከፍል ደባል በሏት።

ናሙና የሚልክላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ከአንድ ቀንድ አውጣ አንድ ትል ብቻ እንዲያነሳ አደራ በሉት፤ አብረው የተገኙት የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶ ቀድሞ ያንሳት፣ አልኮል ውስጥ ትጨማደዳለች። ማቆያው 96 በመቶ ኤታኖል ነው፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ሰው ካጣችሁ ጂንባንክ ከተባለው የዲኤንኤ መረጃ ቋት የትሏን ሲኦአይ ጂን (ዝርያ ለመለየት የሚያገለግል የማይቶኮንድሪያ ጂን) ፈልጋችሁ በነጻ አውርዱ።

የጂኑ ቅደም ተከተል፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደሎቹ ሰልፍ፣ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ በብላስት (ቅደም ተከተልን ከሚታወቁት ጋር በሚያወዳድረው መፈለጊያ) ፈትሹ፤ የትሏ ያላችሁት የባለቤቱ፣ የቀንድ አውጣው፣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ ወደ ፕሮቲን ስትተረጉሙ የኮድ ሠንጠረዥ 9ን፣ የጠፍጣፋ ትሎችን የማይቶኮንድሪያ ኮድ፣ ምረጡ። እኔ በመደበኛው፣ በ1፣ ተርጉሜ፣ ቲጂኤ የተባሉት ሦስት ፊደሎች ባሉበት ሁሉ «አቁም» እያለኝ፣ አራት ደህና ቅደም ተከተሎች ተበላሽተዋል ብዬ ጥያለሁ። በትሏ ማይቶኮንድሪያ ቲጂኤ «አቁም» ሳይሆን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው።

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት የትሎቹን የጂን ብዝኃነት አንዴ በእጃችሁ አስሉት። እኔ የተማርኩት ከቆሎ ነው። ከደጃፍ ከምትሸጠው እናት ገዝቼ አሥር ፍሬ ቆጠርኩ፦ ገብስ 6፣ ሽምብራ 3፣ ለውዝ 1። እያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሀፕሎታይፕ (ከሌላው የሚለይ የጂኑ ቅጂ)፣ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ትል። ድርሻቸው 0.6፣ 0.3፣ 0.1 ነው፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ስትደምሩ 0.46። ከ1 ቀንሱ፣ 0.54። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ በ10 አባዝታችሁ ለ9 አካፍሉ፤ 0.60። የሀፕሎታይፕ ብዝኃነት የሚሉት ይኸው ነው። የሌላው ዳርቻ ቆሎ ገብስ ብቻ ቢሆን 0 ይመጣል።

«ልጄ፣ ምነው ነቀዝ አገኘሽበት?» አሉኝ ሴትየዋ፣ ስለይ አይተው።

የራሳችሁን መረጃ ዲኤንኤኤስፒ በተባለው የስሌት ሶፍትዌር ላይ ስትጭኑ በእጅ ካገኛችሁት ያነሰ ቁጥር ከመጣ፣ የቅደም ተከተሎቹን ጫፎች እዩ። ሶፍትዌሩ ክፍተት ያለበትን ቦታ ከስሌቱ ስለሚያወጣው፣ አንድ አጭር ቅደም ተከተል የሁሉንም ልዩነት ይበላል። አጭሩን አውጡና ድገሙት።