የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ወጣት ኮሌጅ ማስገባትና ማሠልጠን፤ ለወሎ ወላጆች

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚማሩባቸው ልዩ ክፍሎች በአብዛኛው የሚገኙት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። ልጁ ጺም እስኪያወጣ እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ስለማይታወቅ ቤት ይውላል፣ የለመደውንም ቀስ በቀስ ይረሳል። በዚህ ዕድሜ ሊታሰብ የሚገባው ቀጣይ እርከን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻና ወልድያም የየራሳቸው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላቸው።

ወላጆች ኮሌጅ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ «ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የተዘጋጀ ፕሮግራም አላችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም «የለንም» በሚል አጭር መልስ በቀላሉ ይዘጋል። የሚሻለው፣ ኮሌጁ ቀድሞውኑ ከሚሰጣቸው ሥልጠናዎች አንዱን መርጦ፣ ልጁ ከዚያ ውስጥ የትኛውን ክፍል፣ በምን ያህል ጊዜና በማን እገዛ ሊማር እንደሚችል በዝርዝር ይዞ መቅረብ ነው።

በዚህ ጉዳይ ርቀው የሄዱ አገሮችም የመረጡት መንገድ ከዚህ ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሳይጠየቁ ዕውቅና ባላቸው የኮሌጅ ፕሮግራሞች ገብተው የመንግሥት የትምህርት ድጎማ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ሕጉ በዚያው ላይ ተማሪዎቹ ለብቻቸው ተለይተው እንዳይቀመጡ፣ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ጉዳት ከሌለባቸው ተማሪዎች ጋር አብረው እንዲማሩ ወይም የሥራ ልምምድ እንዲያደርጉ ግዴታ አስቀምጧል። እኛ ዘንድ ያ ድጎማ ባይኖርም፣ አብሮ የመማሩን ጉዳይ ከኮሌጅ ጋር ተነጋግሮ ማግኘት ይቻላል።

ከማመልከት በፊት

ዓይንና ጆሮ ይመርመሩ። ትእዛዝ አይገባውም የተባለ ወጣት አንዳንዴ በደንብ ስለማይሰማ ሊሆን ይችላል። ዳውን ሲንድረም (ከልደት ጀምሮ ያለ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚያስከትል ሁኔታ) ባለባቸው ሰዎች ላይ የመስማት ችግርም ሆነ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል፤ የሆርሞኑ ማነስ የሚያመጣውን ድካምና መፍዘዝ ቤተሰብ ስንፍና ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል የደም ምርመራውን በየዓመቱ ማስደረግ ይገባል። የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መወሰዱ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ፣ ከጋለ ምጣድ፣ ከመቁረጫ ማሽንና ከከፍታ ጋር የማያገናኝ ሙያ ይመረጥ፤ ይህንንም ከአሠልጣኙ መደበቅ ጨርሶ አይገባም።

ቀጥሎ ስለ ልጁ አንድ ገጽ ይጻፉ። «ጨዋ ነው፣ ትሑት ነው» የሚለው ለአሠልጣኝ ብዙም አይጠቅምም። የአሥር ብርና የመቶ ብር ኖት ይለያል ወይ? ሦስት ተከታታይ ትእዛዝ ይይዛል ወይስ አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል? ሲደክመው በምን ያስታውቃል? ጩኸት ሲበዛ ምን ያደርጋል? ሲቆጣ ማን ቢያነጋግረው ይረጋጋል? የልዩ ፍላጎት መምህሩ ካለ ይህን ገጽ ከእርሱ ጋር ሆኖ መጻፍ ይመረጣል፤ ወላጅ የሚያጎድለውን መምህር ያውቃልና።

ሙያ ሲመረጥ የሰፈሩ ገበያም ይታይ። ኮምቦልቻ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ደሴ ካፌና ዳቦ ቤት ሞልቷታል፣ ባቲ የሰኞ ገበያዋን ይዛለች። ብዙ ወላጆች ልብስ ስፌትን ይመርጣሉ። ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት ብዙዎች የሚለምዱት ሥራ ቢሆንም፣ ልክ መውሰድና ጨርቅ መቁረጥ ስሌት ስለሚጠይቅ እዚያ ላይ የሚቆሙ አሉ። በእኔ አስተያየት የምግብ ዝግጅት፣ የችግኝ ማፍላትና የዶሮ እርባታ ይሻላሉ፤ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል በየቀኑ ስለሚደጋገም እጅ ሥራውን ይለምደዋል። የመጨረሻው ምርጫ ግን የወጣቱ ነው። ሁለት ሦስት የሥራ ቦታዎች ወስደው ያሳዩትና የት መቆየት እንደፈለገ ይመልከቱ፤ በቃል መናገር የማይችል ሰው እንኳ በእግሩ ይመርጣል።

ከኮሌጁ ጋር መነጋገር

መደበኛው የደረጃ ሥልጠና የትምህርት ማስረጃና የመቁረጫ ነጥብ ስለሚጠይቅ፣ በዚያ በኩል መሞከር ብዙ ጊዜ ያደክማል። አጫጭር ሥልጠናዎች የተሻለ መግቢያ ናቸው። በተጨማሪም በአገራችን የሙያ ደረጃዎች እያንዳንዱ ሙያ በብቃት አሃዶች፣ ማለትም በትንንሽ የሥራ ክፍሎች፣ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ልጁ ሙሉውን ሳይሆን ሁለቱን ወይም ሦስቱን አሃዶች ብቻ እንዲሠለጥን መጠየቅ ይቻላል። ለዲኑና ለክፍል ኃላፊው ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው።

ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ የነሐሴው ግርግር ሳይመጣ ይሂዱ። መታወቂያውን፣ ከልዩ ክፍሉ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሕክምና ማስረጃና ያንን አንድ ገጽ ይያዙ፤ ወጣቱም ራሱ አብሮ ይቅረብ። ስለ እርሱ ሲነገር እርሱ በሌለበት ከሆነ፣ ሰሚው በልቡ የሚስለው ሰው ሌላ ይሆናል። ንግግሩም ከምጽዋት ጥያቄ ይራቅ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይዘኑልን» ከማለት «ልጄ ዱቄት ይነፋል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ሊጥ ማቡካት እንዲማር እንፈልጋለን፤ ለመጀመሪያው ወር እኅቱ አብራው ትገኛለች» ማለት የበለጠ በር ይከፍታል። «አብሽሩ፣ እናየዋለን» የሚለው የወሎ መልስ ልብ ያሞቃል፤ ቀን ካልተቆረጠለት ግን ቀጠሮ አይደለምና ቀኑን አስቆርጠው ይውጡ።

ፊት ከተነሣዎት ሕጉን ይጥቀሱ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይሸፍናል፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 የሙያ ሥልጠናን ያለ አድልዎ ማግኘትን በግልጽ ያነሣል። ኮሌጁ ፈቃደኛ ሆኖ ሥልጣን የለኝም ካለ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ይውሰዱ።

ሥልጠናው እንዴት ይስተካከል

አብዛኛው ልፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳቦ መጋገርን እንመልከት። አሠልጣኙ «ሊጡን አዘጋጅና ትሪ ላይ ደርድር» ሲል ለሌላው ሠልጣኝ አንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ወጣት ግን ሽርጥ ማሰር፣ እጅ መታጠብ፣ ዱቄት መስፈር፣ ውኃ መጨመር፣ ማቡካት፣ መቁረጥ፣ ማድቦልቦል፣ ትሪ መቀባትና መደርደር የተባሉ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዱ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚዛን ቁጥር ማንበብ ካልቻለ፣ መስፈሪያው ጣሳ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጠፍና ዱቄቱ እስከዚያ ይሞላ። ድቡልቡሉን አራርቆ መደርደር ካስቸገረው፣ ክቦች የተሣሉበት ወረቀት ትሪው ላይ ይነጠፍና በየክቡ አንድ አንድ ያስቀምጥ።

ማስተማሩ ከመጨረሻው ቢጀመር ውጤቱ ያምራል። አሠልጣኙ ሁሉንም ሠርቶ የመጨረሻውን መደርደር ብቻ ለወጣቱ ይተውለታል፤ እርሱን ሲችል ትሪ መቀባቱ ይታከላል፣ ከዚያ ማድቦልቦሉ፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ወጣቱ በየቀኑ ያለቀ ሥራ አይቶ ይወጣል። እገዛውም እየቀነሰ ይሂድ፦ መጀመሪያ እጁን ይዞ ማሳየት፣ ቀጥሎ በጣት ማመልከት፣ ከዚያ ዝም ብሎ በልብ እስከ አሥር እየቆጠሩ መጠበቅ። መጠበቁ ከሁሉ ይከብዳል፤ በተለይ እናቶች አያስችላቸውምና እጃቸው ቀድሞ ይገባል። አሠልጣኙ በአንድ ደብተር ላይ ለየእርምጃው «በራሱ»፣ «በምልክት»፣ «በእጅ እገዛ» እያለ ቢመዘግብ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ከሠልጣኞቹ መካከል አጋዥ ይመደብ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲተካ ሁለት ቢሆኑ ይሻላል። የእነርሱ ድርሻ አብሮ መሥራት፣ አብሮ ሻይ መጠጣትና ሲጠየቁ ማሳየት ነው፤ ሥራውን ከእጁ ወስደው ከሠሩለት ግን ጉዳታቸው ያይላል።

መንገድና ደኅንነት

መንገዱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ አብረው ይሂዱ፣ ቀጥሎ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ይከተሉ፣ ከዚያ መድረሻው ላይ ይጠብቁ። የሚታወቁ ምልክቶች ይመረጡ፤ ደሴ ላይ ጦሳ በክረምት ጭጋግ ሲለብስ የሩቁ ምልክት ስለሚጠፋ፣ ከመንገዱ ዳር ያለ ፋርማሲ ወይም የመስጊድ በር ከተራራ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ስምና ስልክ የተጻፈበት ካርድ በኪሱ ይኑር።

ወሲባዊ ጥቃት በእነዚህ ወጣቶች ላይ የሚደርስ እውነተኛ አደጋ በመሆኑ በዝምታ አይታለፍ። ሰውነቱን ማን ሊነካ እንደሚችልና እንደማይችል፣ እምቢ ማለትን፣ ለማን ወዲያው መናገር እንዳለበት በቀላል ቃልና በሥዕል ይማር፤ ይህ ለሴቶች ልጆች ብቻ ሳይሆን ለወንዶችም ነው። በኮሌጁ ውስጥ አንዲት የታመነች ሠራተኛ በስሟ ትታወቅ።

ልምምድ፣ ምዘናና ሥራ

ለሥራ ልምምድ ኮሌጁ ቦታ እስኪፈልግ አይጠብቁ። በየቅሬው (በየዕድሩ) ዳቦ ቤት፣ ካፌ ወይም የዶሮ እርባታ ያለው ሰው አይጠፋምና በቅሬው ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ያንሡት። ለቀጣሪው ከሙሉ ቀን ይልቅ በቀን ሁለት ሰዓት ማቅረብ ይቀላል፤ ሥራው ሲጥመው ራሱ ያስረዝመዋል።

የሙያ ብቃት ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል ስላለው፣ የጽሑፉ ጥያቄ በቃል እንዲጠየቅና ጊዜ እንዲጨመርለት ከምዘናው ቀን ቀደም ብሎ በማመልከቻ ይጠይቁ። ምዘናውን ባያልፍ እንኳ ኮሌጁ ወጣቱ በራሱ የሚሠራቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ በማኅተም ደብዳቤ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ለሰፈር ዳቦ ቤት ባለቤት ከምስክር ወረቀት ይልቅ ይህ ደብዳቤ ሳይሻል አይቀርም።

ሲቀጠር የሥራ ሰዓቱ፣ ክፍያውና ማን እንደሚያዘው በጽሑፍ ይሁን፤ አዛዡ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወላጅ ወይም አሠልጣኝ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ቀጣሪውን ያነጋግር። የባንክ ደብተሩ በወጣቱ ስም ይከፈት፤ ለዚህም የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ልጁን ይዘው አስቀድመው ያነጋግሩ፣ ፊርማ ካልቻለ በጣት አሻራ ስለሚስተናገድበት መንገድ ይጠይቁ።