የምትሳሱለትን ቦታ ድፈሩት

ሥዕል እየሳላችሁ መሃል ላይ እጃችሁ እምቢ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ያማረ ቦታ ነው። ጥሩ የወጣ ዓይን፣ ደስ የሚል ሰማይ። እሱ እንዳይበላሽ ስትሉ ዙሪያውን ብቻ ትነካካላችሁ። ሥዕሉም እዚያው ተገትሮ ይቀራል።

መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ሥዕሉን አያድነውም፣ ፍርሃቱን ግን ያቀልላል። ሥዕሉ ከደረቀ ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ አስቀምጡበትና ያሰባችሁትን ቀለም መጀመሪያ ፕላስቲኩ ላይ ቀብታችሁ እዩት። ካማራችሁ ግቡበት።

ምን ያህል መድፈር እንደሚቻል የሚወስነው የቀለሙ ዓይነት ነው። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ያልወደዳችሁትን በጨርቅ ጠርጋችሁ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ከሥሩ ያለው በደንብ ደርቆ ከሆነ ብዙም አይነካም። አክሪሊክ ስስ ከተቀባ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ካልጣማችሁ በላዩ ደግሞ መቀባት ነው። አስቸጋሪው የውሃ ቀለም ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ንጣት ስለሆነ አንዴ የጠቆረን ቦታ ሙሉ በሙሉ መመለስ ይከብዳል። ለእሱ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩ።

ደግሞ ትልቅ ብሩሽ ያዙ። ቀጭኑን ከያዛችሁ እጃችሁ ወደ መነካካቱ መመለሱ አይቀርም።