በአንኮበር አፋፍ ላይ እንዴት እንሩጥ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ደጋው ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ገደል፣ ከገደሉ በታች ቆላ፣ ከቆላው ወዲያ የአፋር ሜዳ። ጠዋት ላይ ጉም ቆላውን ሲሞላው ከላይ ለሚያየው ባሕር ይመስላል፤ ኮረብቶቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላሉ። አንኮበር የተቀመጠችው እዚህ ጫፍ ላይ ነው። ከሮጥኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህን አፋፍ የሚያህልብኝ የለም።

ግን እንደ አስፋልት ተነስቶ የሚሮጥበት ቦታ አይደለም። መሬቱን ሳያውቁ መሮጥ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ከታች ያለው ጓደኞቼ ለመምጣት ሲነሱ በስልክ የምነግራቸው ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደሆነ እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ። «ሰላም ነው፣ ኑ» ካላላችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አስለምዱ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አፋፉ ብዙ ቦታ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ የለመደ ሰው «እኔም ደገኛ ነኝ» ብሎ ይዘናጋል። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን ልቡ ጆሮው ውስጥ ትመታለች።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በእግር ጉዞ ብቻ አሳልፉት። በሁለተኛው ቀን 20 ወይም 30 ደቂቃ ሜዳ ላይ ሶምሶማ በቂ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሮጣችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ቀንሱ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ሩጫው ይቅር። ካልተሻላችሁ ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ።

የመንደሩ ልጆች ሲያዩአችሁ አብረዋችሁ መሮጣቸው አይቀርም። ደስ ይላል፤ ግን ለመቅደም አትሞክሩ። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ያ ሳንባ የዚህ ደጋ ሳንባ ነበር። እነዚህ ልጆችም ከብት ሲመልሱ የሚሮጡት በዚሁ አየር ነው።

መንገዱን ሳትሮጡበት በፊት ሂዱበት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። አፋፉ ላይ ምልክት የተደረገለት የሩጫ መንገድ የለም። ያለው ሰውና ከብት ለዘመናት የረገጠው ዱካ ነው። ያ ዱካ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአህያ መንገድና የፍየል መንገድ።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከአፋፉ ዳር ጥሩ የሚመስል ቀጭን መንገድ አገኘሁ። ወደ ታች ይታጠፋል፣ ለስለስ ያለ ሣር አለው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ ይህ መንገድ የት ያደርሳል?» አልኳቸው።

«የትም አያደርስም ልጄ» አሉኝ። «የፍየል መንገድ ነው። ፍየሏ ቅጠሏን በልታ ዘላ ትመለሳለች፤ አንተ ግን በምን ትመለሳለህ?» ከዚያ በከዘራቸው ወደ ሌላ በኩል አሳዩኝ። «አህያ ተጭና የምታልፍበትን እይ።»

ልዩነቱን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። የአህያ መንገድ ሰፋ ይላል። መሀሉ ላይ ያለው ድንጋይ በኮቴ ተፍቆ ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል። ፋንድያ አለበት። ቁልቁለቱ ሲበረታ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ምክንያቱም የተጫነ እንስሳ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የፍየል መንገድ ግን አንድ ጫማ ብቻ የሚያሳርፍ ነው። ሦስት አራት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ይጠፋል። የተጫነች አህያ የምታልፍበት መንገድ ለሯጭም ይሆናል።

የቦታ ስምም ይረዳል። በዚህ አካባቢ «በር» የሚባለው ገደሉ ክፍት ብሎ ደጋውን ከቆላው የሚያገናኝበት ቦታ ነው፤ ጣርማ በርን አስቡ። የአንኮበርንም ስም ሰው «የአንኮ በር» ብሎ ነው የሚፈታው። «በር» የሚል ስም ስትሰሙ መውረጃ መንገድ አለ ማለት ነው፣ ነፋስም አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ከመሮጣችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መመለስ ይበቃል። ዞሮ በሌላ በኩል መግባት ያምራል፤ ግን በመጣችሁበት ስትመለሱ ድንጋዩን ሁሉ ለሁለተኛ ጊዜ ታዩታላችሁ። ስትሄዱ ሦስት ነገር ልብ በሉ፦ መንገዱ ለገደሉ በጣም የሚቀርበው የት ነው? ጉም ቢመጣ የምታርፉበት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን የት አለ? ውሻ ያለው ግቢስ የቱ ነው? የስልካችሁን ካርታ ኢንተርኔት ሳይኖር እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት። ኔትወርክ አንዳንድ ቦታ ላይ ድርግም ይላል።

ሰዓቱ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ምክንያት አለው። ቀን ላይ ቆላው ይሞቅና አየሩ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ጠዋት እታች እንደ ባሕር የተኛው ጉም ረፋድ ላይ ተነስቶ እላያችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ይደርቃል። ማለዳ ግን ውርጭ አለ። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፀሐይ እስክትነካው ድረስ በእርምጃ ሂዱ። በክረምት አፋፉን ተዉት። ጥቁር አፈሩ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ያከብዳል፣ ዳሩም ውኃ ጠጥቶ ይላላል። ወደ ደብረ ሲና በኩል የመሬት መንሸራተት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ጫማና የሚያዝ ነገር

ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፤ የአስፋልት ጫማ ኮረት ላይ አይነክስም። አዲስ መግዛት የግድ አይደለም። አዲስ አበባ ሳልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ይገኛል፤ ጥርሱ አለማለቁን በጣታችሁ ዳስሱ። ከአውራ ጣታችሁ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ክፍት ይኑር፣ አለዚያ ቁልቁለቱ ጥፍራችሁን ያጠቁረዋል።

ንፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ ፊሽካ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ። ለስንቅ በሶ ወይም ቆሎ ያዙ። በደብረ ሲና ካለፋችሁ ቆሎውን እዚያው ግዙ፣ ስሙ የወጣው በከንቱ አይደለም።

ዳገትና ቁልቁለት

ዳገቱ ሲበረታ መራመድ ነውር አይደለም። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በአጭር እርምጃ፣ ትንፋሻችሁን እየጠበቃችሁ ውጡ። እዚህ ከፍታ ላይ ዳገትን በሩጫ የጀመረ ብዙውን ጊዜ ከመሀል ቆሞ ይቀራል።

ቁልቁለቱ ነው ትምህርት የሚፈልገው። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያኔ ተረከዙ ቀድሞ ያርፍና ይንሸራተታል። ኮረቱ ደረቅ መሬት ላይ እንደተበተነ ባቄላ ነው፣ ተረከዝ አይችልም። ይልቅ ጉልበታችሁን አላሉት፤ ከወገባችሁ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ፤ እግራችሁ ከሰውነታችሁ ሥር ይረፍ እንጂ ከፊታችሁ አይቅደም። እርምጃው አጭርና ቶሎ ቶሎ ይሁን። ክንዳችሁን ከጎናችሁ ራቅ አድርጉት፣ ሚዛን ይጠብቃል። ዓይናችሁ ጫማችሁ ላይ ሳይሆን ሦስት አራት እርምጃ ፊት ለፊት ይሁን።

ውኃ ወይም እንጨት ተሸክማ ቁልቁለት የምትወርድ ሴት ካያችሁ ቆም ብላችሁ እግሯን ተመልከቱ። ጭንቅላቷ አይነቃነቅም። ጉልበቷ ሁልጊዜ ትንሽ እጥፍ ያለ ነው። እግሯ ድንጋዩን መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይነካል፣ እንደማይነቃነቅ ሲያውቅ ነው ክብደቷን የሚጥልበት። እኔ ቁልቁለት መውረድ የተማርኩት እሷን እያየሁ ነው።

መልክዓ ምድሩን ማየት ስትፈልጉ ደግሞ ቁሙ። እየሮጡ ገደል ማየት አይሆንም። ቆማችሁ ግን ጠግባችሁ እዩ። አፋፉ የውኃ መለያያ ነው፦ በስተምዕራብ የወረደው ዝናብ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለት እግራችሁን ዘርግታችሁ ብትቆሙ አንዱ ለዓባይ አንዱ ለአዋሽ ነው።

ከገደሉ ምን ያህል ልራቅ?

ብትወድቁ፣ ወድቃችሁም ሁለት ጊዜ ብትንከባለሉ፣ ገደሉ ጋ የማትደርሱበትን ያህል። አምስት ስድስት እርምጃ ማለት ነው። መንገዱ ከዚያ በላይ ለጠርዙ ከቀረበ ሩጫ አቁሙና በእርምጃ እለፉት፤ ከሰው ጋር ከሆናችሁ ተራ በተራ። ዳር ላይ ያለውን ሣር አትመኑት። ከላይ ሙሉ መሬት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አፈሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ላይ ከገደሉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲህ ሁኑ።

ጉም ከያዛችሁ

አንድ ጊዜ ይዞኛል። መጀመሪያ ፊቴ ላይ እርጥብ ነፋስ መጣ። ቀና ስል ኮረብታው የለም። 20 እስክቆጥር ድረስ የሚታየኝ የራሴ ጫማ ብቻ ቀረ። የመጀመሪያው ስሜት መሮጥ ነው፣ ጉሙ ሳይብስ ለመድረስ። ያንን ስሜት አትስሙት።

ወዲያው ቁሙ። ዱካው ከእግራችሁ ሥር በግልጽ ከታያችሁ፣ ትናንትም ከሄዳችሁበት፣ በመጣችሁበት በእርምጃ ተመለሱ። ዱካው ከጠፋባችሁ አንድ እርምጃ አትጨምሩ። ጃኬታችሁን ልበሱ፣ ተቀመጡ፣ ፊሽካ ንፉ፣ አዳምጡ። የውሻ ጩኸትና የሰው ድምፅ በጉም ውስጥ መንደሩ በየት በኩል እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ 40 ደቂቃ ተቀምጬ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ከመንገዱ የወጣሁት 10 እርምጃ ብቻ ነበር፤ ወደ ገደሉ በኩል።

ሰው፣ ውሻና ጭላዳ

መንገዱ የመንደሩ ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ። ሰው ስታገኙ ፍጥነት ቀንሱና «እንደምን አደራችሁ» በሉ። ሰላምታ ሳይሰጥ እየሮጠ የሚያልፍ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ያሰኛል። በገበያ ቀን አህዮችና በቅሎዎች ተጭነው ሲመጡ ከመንገድ ውጡላቸው፤ ግን ከገደሉ በኩል ሳይሆን ከውስጥ በኩል። በቅሎ ደንግጣ ብትገፋችሁ ወደ ገደሉ እንዳይሆን። የተዘራ ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ አቋራጭ ቢሆንም።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። አብዛኛው ያኔ ያፈገፍጋል። ከዚያ ባለቤቱን ጥሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮ የሚገኘው በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሣር ሊግጥ ወደ ላይ ይወጣል። በማለዳ ከሮጣችሁ ልክ ሲወጡ ትገናኛላችሁ። በመንጋው መሀል ሰንጥቃችሁ አትለፉ፤ ዙሩና በእርምጃ እለፉ። ምግብም አትስጡ። ሌላም ነገር አለ፦ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ፍለጋ መሬቱን በእጃቸው ይቆፍሩታል። ሜዳው ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ትንንሽ ጉድጓድ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። እዚያ ላይ እግራችሁን ከፍ ከፍ አድርጉ።

ስትነሱና ስትመለሱ

ብቻችሁን ከሆናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ላረፋችሁበት ቤት ሰው ሁለት ነገር ንገሩ፦ በየት በኩል እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። እግራችሁ ወለም ካለ ጫማችሁን አታውልቁ፤ ካበጠ በኋላ አይገባም። ገመዱን አጥብቃችሁ እሰሩና እያነከሳችሁ ወደ ቅርቡ ቤት ሂዱ፤ መርገጥ ካቃታችሁ ግን እዚያው ሆናችሁ ፊሽካ ንፉ።

ስትመለሱም ቀጥታ ወደ መታጠቢያ አትሩጡ። ለነገራችሁት ሰው መጀመሪያ «መጥቻለሁ» በሉት። አንዴ ይህን ረስቼ ተኝቼ ስነሳ፣ ያረፍኩባቸው እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው አፋፉን ሲያዩ አገኘኋቸው። ቡናው ቀርቦ ቀዝቅዟል።