የድሮ ዳንስሆል የምታጫውቱ ልጆች፣ እነዚህን ነገሮች ተዉ

የድሮ የጃማይካ ሸክላ፣ በተለይ ዳንስሆል የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ፣ ማጫወት የጀመሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። አንዳንድ ነገር ስሰማ ግን ደሜ ይፈላል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ «ይሄ እኮ የእገሌን ሙዚቃ ሰርቆ ነው» የምትሉት ነገር ነው። ኧረ በናታችሁ! ቤዙና ድራሙ አንዴ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ ሪዲም የሚባለው እሱ ነው። ፕሮዲውሰሩ በዚያው ሪዲም ላይ የፈለገውን ድምጻዊ ይጠራል። ስታላግ የሚባለውን ሪዲም ውሰዱ። አንሴል ኮሊንስ በ1973 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ለፕሮዲውሰሩ ለዊንስተን ራይሊ የተጫወተው በመሣሪያ ብቻ ነበር። ሲስተር ናንሲ በ1982 «ባም ባም»ን ያለችው በእሱ ላይ ነው። ቴነር ሶውም በ1985 «ሪንግ ዘ አላርም»ን። ሁለቱንም ያስቀረጻቸው ያው ራይሊ ነው። ታዲያ ማን ማንን ሰረቀ? የኪንግስተን ጨፋሪ ቤዙን ገና ሲጀምር ያውቀዋል። የሚጠብቀው አዲሱ ዲጄ (በጃማይካ ዲጄ ማለት ሸክላ አጫዋች ሳይሆን በሪዲም ላይ በምት የሚያወራው ነው) ምን እንደሚልበት ነው። የእኛ አዝማሪ በአንድ ዜማ ስንት ግጥም ያወርድ የለ? ማን ሌባ አለው? መቆርቆር ካማራችሁ ለመሣሪያ ተጫዋቾቹ ተቆርቆሩ። ብዙዎቹ ለቀረጻው አንዴ ተከፍሏቸው፣ ሪዲሙ ለዓመታት ሲሸጥ ሳንቲም አላዩም።

ደብ (የተቀረጸን ዘፈን ድምጹንና መሣሪያውን እየቆረጡና እየመለሱ እንደገና የሚቀላቅሉበት ሥራ) እየተጫወተ ሚክሰር አትነካኩ። አንድ ልጅ የደብ ቀላቃዩን የኪንግ ተቢን ሥራ ሲያጫውት የዘፋኙ ድምጽ እልም አለ፤ ቤዝና ድራም ብቻ ቀረ። ልጁ ደንግጦ ጠረጴዛው ስር ገባና ገመድ መነቃቀል ጀመረ። ድምጹ በኤኮ እየተንከባለለ ሲመለስ እሱ ስፒከሩን አጥፍቶት ነበር! ተቢ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። ድምጹን የሚቆርጠው አውቆ፣ በእጁ ነው።

ዳንስሆል በ1985 ስሌንግ ቴንግ በሚባለው ሪዲም ተጀመረ አትበሉ። ያኔ የጀመረው የካሲዮ ኪቦርድ ዘመን ነው። የዳንስሆሉ ንጉሥ የነበረውን ዲጄ ጄኔራል ኤኮን ፖሊስ ተኩሶ የገደለው ከዚያ ቀድሞ በ1980 ነው።

በዲጄ ሸክላ ላይ ማይክ ይዞ መጮህም ይቅር። ዲጄው ዩ ሮይ በ1970 ፓራጎንስ በሚባሉት ዘፋኞች ዘፈን ላይ ሲገባ ስሙት፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ ነው የሚመልስለት። እናንተ ደግሞ በእሱ ላይ ትጮሃላችሁ። ማውራት ካማራችሁ ሸክላውን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ድምጽ የወጣለት ቨርዥን አለ፤ የተተወው ለዚሁ ነው።