የማንቲስ ግልገሎች ለምን ይሞቱብናል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ማንቲስ የምለው የፊት እግሮቹን እንደሚፀልይ ሰው አጥፎ የሚቆመውን ነፍሳት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ካለው ጽጌረዳ ግንድ ላይ የደረቀ አረፋ የመሰለ የእንቁላል ቋት አገኘሁና ማሳደግ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ ሞቱብኝ። እኔ «ርቧቸው ነው» እያልኩ ምግብ እጨምር ነበር። የገደላቸው ግን የውሃ ጥምና የሌሊት ብርድ ነው።

ቋቱ አልፈለፈል አለ

ቶሎ አትጣሉት። ሞቅ ባለ ቤት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል። ቋቱ ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስሉ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ግን ጥቃቅን ተርቦች እንቁላሉን ከውስጥ በልተው ወጥተዋል። ለተበላው መፍትሄ የለም። የተረፈ ሊኖር ስለሚችል ግን ትንሽ ታገሱት።

በተፈለፈሉ በጥቂት ቀን ውስጥ አለቁ

መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። በተለይ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከትንኝ ብዙም አይበልጡም። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት መርጫ ግዙና ጠዋት ጠዋት የዕቃውን ግድግዳ በስሱ እርጩት። ጠብታው ትልቅ ከሆነ ግልገሉ ተጣብቆበት ይሰምጣል። ማታ ግን አትርጩ፤ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ ሻጋታ ያመጣሉ።

ከውሃው ቀጥሎ ምግቡ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለተኛው ድረስ ላይበሉ ይችላሉ፤ አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ የሚመቻቸው የበሰበሰ ሙዝ ላይ የምትሰፍረው ትንኝ ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትንኝ ማርባት የሚጀምረው ግልገሎቹ ከወጡ በኋላ መሆኑ ነው። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር 25 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ገደማ ይበቃታል፤ 18 ዲግሪ ላይ ግን 19 ቀን አካባቢ ይፈጅባታል። ስለዚህ ቋቱን ባገኛችሁበት ቀን ሙዙን ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጡ። ትንኞቹ ሲገቡ አፉን በሻሽ እሰሩት። ስትመግቡ እንዳይበሩባችሁ ሃይላንዱን ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ደንዘዝ ሲሉ ታራግፏቸዋላችሁ።

ቆዳ ሲቀይር ወደቀ፤ እግሩ ተጣመመ

አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ማንቲስ የሚያድገው ቆዳውን እየቀየረ ነው። ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከአሮጌው ቆዳ ሾልኮ ይወጣል። የሚይዘው ነገር ካጣ ወይም ከታች ቦታ ከጠበበው ይወድቃል፤ አዲሱ ቆዳም እንደተጣመመ ይደርቃል። ለስላሳ የፕላስቲክ ክዳን አይሆንም። ኩባያውን በአጎበር ቁራጭ ሸፍኑና በላስቲክ እሰሩት። የዕቃው ቁመት ቢያንስ የግልገሉን 3 እጥፍ ይሁን።

መብላት አቁሞ ላይኛው ክፍል ላይ ከተንጠለጠለ ምናልባት ቆዳ ሊቀይር ነው። ትንኞቹን አውጡለት፤ ዕቃውንም አትነካኩ። ወድቆ ካገኛችሁት ሳይደርቅ አሮጌውን ቆዳ በቀስታ ይዛችሁ መልሳችሁ ስቀሉት፤ አንዳንዴ ይተርፋል። አንድ እግር ቢጎድለው ተስፋ አትቁረጡ። ገና ቆዳ የሚቀይር ከሆነ እግሩ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አነስ ይላል።

ጠዋት ላይ ደንዝዘው ይገኛሉ

ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጪው ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ብዙዎቹ የማንቲስ ዝርያዎች ግን ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ከመስኮት አርቋቸው። ባለ 25 ዋት ቢጫ አምፖል ራቅ አድርጎ ማብራት ይረዳል፤ ኤልኢዲ ግን ያን ያህል አያሞቅም። መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና አጠገባቸው አኑሩ። ከሰል ግን በፍጹም፤ ጭሱ ለእናንተም አደጋ ነው። ቀን ላይም ኩባያውን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ይቀቅላቸዋል።

ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ሬሳ ግን የለም

እርስ በርስ እየተበላሉ ነው። ምግብ ከበዛላቸው ለትንሽ ጊዜ አብረው ይቆያሉ፤ ከዚያ ግን ለየብቻ አድርጓቸው። ጉንዳንም ሊሆን ይችላል፤ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ።

ሁሉም በአንድ ቀን ተንቀጥቅጠው ሞቱ

ፍሊት ተነፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ጋ መርዙ የገባው ከጎረቤት በረንዳ ነው። በረሮ ሲያስቸግራቸው የነፉት ነው፤ እነሱም አላወቁም። አሁን ከመንፋታቸው በፊት በሩን ያንኳኳሉ፤ እኔም መስኮቴን እዘጋለሁ።