ጅማ ላይ ያገለገለ ትንሽ ስፖርት ሞተር ስትገዛ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ብዙ ሰው ምክር የሚጠይቀው ልቡ ከሄደ በኋላ ነው። ፎቶውን አይቶ፣ ቀለሙን ወዶ፣ ቀብድ ሊሰጥ ሲል። አንተ ልብህ ሳይሄድ ይህን አንብብ።

ያገለገለ ሞተር ጉድለት አያጣም። ጉድለት ስላገኘህ ብቻ ጥለኸው አትሂድ። ዋናው ጥያቄ ጉድለቱ የት ይጠገናል የሚለው ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ካንዴላ፣ ባትሪ፣ ሰንሰለት፣ ለተለመዱት ሞተሮች የሚሆን የፍሬን ሸራ እዚሁ ታገኛለህ። የጃፓን ስፖርት ሞተር እቃ፣ ለምሳሌ የካዋሳኪ ኒንጃ ራዲያተር ወይም የሆንዳ ሲቢአር የፊት ሹካ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ደውለህ፣ ፎቶ ልከህ፣ ጠብቀህ ነው፤ አንዳንዱም እዚያ አይገኝም። የታጠፈ ሻንሲ ደግሞ የትም ብትወስደው አይድንም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ስታይ ራስህን ጠይቅ፦ ይሄ እዚህ የሚጠገን ነው፣ እቃ የሚጠበቅለት ነው ወይስ የሚተው? ዋጋ የምትከራከረው በመጀመሪያው ላይ ነው። በሁለተኛው ላይ እቃው መኖሩን በስልክ ሳታረጋግጥ ብር አታውጣ። ሦስተኛውን ሻጩ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥህም ተወው።

እግሬ መሬት በደንብ አይረግጥም፣ ቀስ ብዬ ስዞር ያዘነብልብኛል

ይሄ ያንተ ድክመት አይደለም። ሞተሩ ልክህ አይደለም፣ ወይም ገና አልለመድከውም። የስፖርት ሞተር መሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰውነትህ ወደ ፊት ይደፋል፣ ክብደትህም እጅህ ላይ ያርፋል። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረውም እንደ ባጃጅ ቦክሰር ካለ ተራ ሞተር ባነሰ መጠን ነው። በክፍት አስፋልት ላይ አይታወቅህም። ሂርማታ ገበያ አካባቢ በባጃጅና በእግረኛ መሃል ቀስ ብለህ ለመታጠፍ ስትሞክር ግን መሪው አልዞር ይልሃል፣ እግርህ ይዘገያል፣ ሞተሩ ወደ ጎን ይተኛል።

ከመግዛትህ በፊት ሞተሩን አጥፍተህ ተቀመጥበት። ሁለቱም እግሮችህ ቢያንስ በፊታቸው በኩል መሬት መርገጥ አለባቸው። ከዚያ ውረድና ወደ ፊት ግፋው፣ ወደ ኋላ ሳበው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ክብ አስኪደው። ይሄን ማድረግ ካቃተህ ጭቃ ላይ አትችለውም።

በቁጥር ልንገርህ። ያማሃ አር15 ወደ 140 ኪሎ ይመዝናል፣ 150 ሲሲ ገደማ ነው፣ ጉልበቱ 17 ፈረስ አካባቢ ነው። ካዋሳኪ ኒንጃ 250 ወደ 170 ኪሎ ይደርሳል፣ ሁለት ሲሊንደር አለው፣ ጉልበቱም ከ30 ፈረስ ብዙ አይርቅም። ለጀማሪ ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ በጥሩ ዋጋ 600 ሲሲ አለ የሚልህ ጓደኛ ካለ አመስግነውና እለፈው፤ እነዚያ ከ100 ፈረስ በላይ ናቸው፣ እጅህ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ይዘውህ ይሄዳሉ። ሞተር ነድተህ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ የእኔ ምርጫ ቲቪኤስ አፓቼ 160 ወይም ባጃጅ ፑልሳር ኤንኤስ200 ነው። መሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ መለዋወጫቸውም ከጃፓኖቹ ይልቅ ይቀላል። ኤንኤስ200 ሦስት ካንዴላ እንዳለው ግን እወቅ። መካኒኩ አንዱን ብቻ ቀይሮ እንዳይሸኝህ።

ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር፣ ቤት ወስጄው ግን ጠዋት አልነሳ አለ

የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይደብቃል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ መጭመቅ ያቃተው ሞተር፣ ቫልቩ የተጣበቀ ሞተር፣ ባትሪው የደከመ ሞተር፣ ሁሉም ከሞቁ በኋላ ቆንጆ ሊነሱ ይችላሉ። ለሻጩ ቀድመህ ደውልና «ጠዋት ሳታስነሳው እመጣለሁ» በለው። ስትደርስ እጅህን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ከሞቀ «ችግር የለም፣ ነገ እመለሳለሁ» ብለህ ሂድ። ታማኝ ሻጭ አይከፋውም።

ቀዝቃዛውን ሞተር ስታስነሳው ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካቃሰተ ባትሪውን ጠርጥር። በደንብ እየዞረ ካልያዘ ካንዴላና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይታይ። ካርቡራተሩ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ለወራት ሳይነዳ ቆሞ ውስጡ የቀረው ቤንዚን ደርቆበት ነው፤ ጥሩ እጅ ያለው መካኒክ ያጥበዋል። ሁሉም ተሞክሮ በግድ ከተነሳና ሚኒሞው ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው) አልቆም ካለ፣ መካኒኩ የሲሊንደሩን ግፊት በመሳሪያ ሳይለካ ውሳኔ አትስጥ።

ይጨሳል

የጭሱን ቀለም እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነዳጅ ስትሰጠው የሚጨስ ከሆነ ፋሻው ሊሆን ይችላል፣ ስታስነሳው ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ የዘይት ጎማ ነው። ሁለተኛው ይሻላል፣ ግን ሁለቱም ሞተር ያስፈታሉ። ነጭ ጭስ በጅማ ጠዋት እንፋሎት ሊሆን ስለሚችል አትደንግጥ፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሩና በራሱ ክዳን መሃል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል።

ጥቁር ጭስ እኛ ጋ የራሱ ታሪክ አለው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ቤንዚን ይበላል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ይብሳል። መፍትሄው ውድ አይደለም፦ መጀመሪያ ማጣሪያውን አጽዳ ወይም ቀይር፣ ከዚያ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በአነስተኛ ቁጥር አስቀይር። ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም በካርቡራተር ፋንታ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር፣ ይሄን በሴንሰር ራሱ ያስተካክላል። በዚህ ምክንያት ብርህ ከበቃ ኢንጄክሽን ያለውን ምረጥ።

መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ወይም ይንቀጠቀጣል

እዚህ ላይ ጊዜህን አጥፋ። ስፖርት ሞተር ሲወድቅ የሚሰበረው ፕላስቲኩ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ተቀብቶ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ በአዲስ ቀለም አትደሰት፣ እንዲያውም ለምን እንደተቀባ ጠይቅ። የመሪውን ጫፍ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችን ጫፍ፣ የእግር መርገጫውን፣ የማርሚታውን ጎን ተመልከት። የተፋቀው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና ትንሽ ከሆነ ቆሞ ወድቆ ነው፣ ቀላል ነው። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ አዙርና የሚያቆመውን የብረት ጉብታ ፈልግ፤ ከፊት ሹካው በላይ ሻንሲው አንገት ላይ ነው። ይሄ ጉብታ ከተደፈጠጠ ወይም ከተሰነጠቀ ሞተሩ በኃይል ተጋጭቷል። እዚያ አካባቢ የብየዳ ምልክት ወይም የቀለሙ ልዩነት ካየህም እንደዚያው። ለዚህ መፍትሄ የለም፣ ሞተሩን ተወው።

ምልክቱ ከሌለ ግን ተስፋ አትቁረጥ፤ መሪ የሚጎትትበት ብዙ ቀላል ምክንያት አለ። የጎማ ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ አስለካ። ሰንሰለቱን ያጠበቀው ሰው የኋላ ጎማውን አጣሞ አስሮት ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ጎን ያሉት ማስተካከያዎች ላይ ያሉት መስመሮች እኩል መሆናቸውን እይ፣ ይሄ በሁለት ቁልፍ የሚያልቅ ሥራ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን በጣትህ ቀስ አድርገህ አዙረው፤ መሃል ላይ ያዝ ካደረገው የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ኮብልስቶንና ኮረኮንች ይሄን ኩሽኔታ ቶሎ ይበሉታል። የሚቀየር ነገር ነው፣ ዋጋ አስቀንስበት። የፊት ሹካው ላይ ዘይት ከረጠበ የዘይት ጎማው አልቋል፣ እሱም ይቀየራል። ብረቱ ራሱ ዝጎ ከተቆረቆረ ግን አዲሱን የዘይት ጎማ መልሶ ይቆርጠዋል፣ ሹካው ይገኝ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ።

ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለዚህ ሙከራ ተስማሚ ነው። ሻጩ ከፈቀደልህና መንጃ ፈቃድ ካለህ በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ጀምርና ነዳጅ ስጠው፤ ልምዱ ከሌለህ የምታምነው ሰው ይንዳልህ። የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ከጨመረ መጀመሪያ የፍሪሲዮን ሽቦው እንዳልከረረ እይ። ቀጥሎ ምን ዘይት እንደገባ ጠይቅ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለመኪና ብቻ የተዘጋጀ አንዳንድ ዘይት የሚያንሸራትት ቅመም አለበትና ፍሪሲዮኑን ያሳስተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የተጻፈበትን የሞተር ሳይክል ዘይት አስገባ። ሽቦውና ዘይቱ ተስተካክለውም ካልቆመ ሸራው አልቋል።

ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፣ ፍሬኑ ልል ነው

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፣ ይሄ እንግዲህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ጎማው ጥርስ አለው ብለህ አትርካ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልግ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል፣ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ይለቅሃል። የስፖርት ሞተሮች 17 ኢንች ጎማ በሁሉም ሱቅ ስለማይገኝ ልኩን በስልክህ ፎቶ አንሳና ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

የፊት ፍሬኑ ስፖንጅ እንደመጫን ከለሰለሰ ዘይቱ ውስጥ አየር ወይም ውሃ አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ በሁለት ዓመት ይቀየራል። ክዳኑ ላይ ዶት 4 ካለ ያንኑ አስገባ። ስትይዘው እጀታው እጅህ ላይ የሚመታ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ዲስክ ደግሞ እቃ የሚጠበቅለት ነው።

መብራቱ ይደክማል፣ ባትሪው በየሳምንቱ ይሞታል

አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልግ። ሞተሩ ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልደረሰ ወይም ከ15 ካለፈ ችግሩ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ላይ ነው፣ አዲሱንም ባትሪ ይገድለዋል። ዝናብ የገባበት ሶኬትም ይሄንኑ ያመጣል። ፈትተው ያጽዱልህ።

ከተማ ውስጥ ይግላል

በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከፊት ጎማው ኋላ ያለውን ራዲያተር እይ። የሰቃ መንገድ ጭቃ እዚያ ደርቆ አየር ይዘጋል። በዝቅተኛ ግፊት አጥበህ፣ ሞተሩ ሲግል ፋኑ መዞሩን አረጋግጥ። ታጥቦም ሞተሩ ግሎ ፋኑ ካልዞረ እቃ የሚጠበቅለት ሊሆን ይችላል፣ መካኒክ ይየው።

ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው

ምናልባት ሻጩ ራሱ ስም ሳያዛውር ገዝቶት ነው፣ ምናልባትም የባሰ ነገር አለ። ሻንሲው አንገት ላይ ያለውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በአይንህ አነጻጽር። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም እንደገና ከተመታ ወሬውን እንኳን አትስማ፣ ተመለስ። ቁጥሩ ልክ ከሆነና ስሙ ብቻ ካልተዛወረ ግን መፍትሄ አለው። ሊብሬው ላይ ያለው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርም። ቦሎውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የቀረ ቅጣት መኖሩንም ጠይቅ። ዋናውን ብር ከፊርማው በፊት አትስጥ፣ ደላላው ምንም ቢያጣድፍህ።

ብሬ ለሞተሩ ብቻ ነው የሚበቃው

እንግዲያው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ሞተር ግዛ። ስም ማዛወሪያ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ምናልባት ሰንሰለትና ፒኞን ወዲያው ይጠይቁሃል። ከሁሉም በፊት ግን የሄልሜትህን ብር ለይተህ አስቀምጥ፣ ሄልሜቱም አዲስ ይሁን። አንዴ መሬት ላይ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ይጨመቃል፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይበትም፤ ሁለተኛ ጊዜ ራስህን አያድንልህም።