የደለል ጠረጋና የወንዝ ማገገሚያ ሥራችሁን ለማሳደግ

ጨረታ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። የሚወጣው ጭቃ የት ነው የሚደፋው? እስካቫተር ተከራይቶ ደለል መዛቅ ብዙ ሰው ይችላል። መድፊያ ቦታ ከሌለ ግን ማሽኑ ተገትሮ ይውላል፣ ኪራዩና ደሞዙ ደግሞ ይቆጥራል። ጀማሪ ተቋራጭ ቶሎ የሚከስረው እዚች ጋ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ከውሃው በታች 10,000 ሜትር ኩብ ደለል አለ እንበል። ተቆፍሮ ሲወጣ ይነፋል። በ25 በመቶ ቢነፋ 12,500 ሆነ ማለት ነው፤ 10 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 1,000 ምልልስ ያላችሁት 1,250 ይሆናል። አሠሪው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከመቆፈሩ በፊት ባለው መጠን ስለሆነ፣ ነጠላ ዋጋ ስትሞሉ ካላሰባችሁበት የ250ው ምልልስ ነዳጅ ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው።

ደለሉን አስመርምሩም። ከባድ ብረታ ብረት ወይም የፋብሪካ ዝቃጭ ካለበት እርሻ ላይ መድፋት አይቻልም፣ የማስወገጃው ወጪም ሌላ ነው።

ልኬት ላይ አትሰስቱ። ወለሉ ከቁፋሮ በፊትም በኋላም ይለካ፣ አሠሪው ባለበት ይፈረምበት። ያለ ፊርማ ክርክር እንጂ ክፍያ አይመጣም። ኦፕሬተሩንም የምትቆጣጠሩት በዚሁ ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ ውሉ ከሚፈቅደው ጥልቀት በላይ ተጨማሪ 20 ሳንቲ ሜትር ቢቆፍር 2,000 ሜትር ኩብ በነጻ አወጣችሁ ማለት ነው።

ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። ለጠባብ ቦይ ረጅም ክንድ ያለው እስካቫተር ከዳር ሆኖ ይበቃል፣ ረግረግ ላይ ተንሳፋፊው ያስፈልጋል፣ ሰፊ ሐይቅ ላይ ደግሞ ደለሉን በፓምፕ የሚመጥ ድሬጀር ያዋጣል። ድሬጀሩ የሚገፋው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ደረቁ ብዙ ጊዜ በክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ውሃው የሚጠልበት ሰፊ ኩሬ ወይም የጂኦቴክስታይል ከረጢት (ውሃውን አሳልፎ ደለሉን የሚያስቀር ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት) ቀድሞ ይዘጋጅ። አሸዋ የፓምፑን ኢምፔለር (ውስጡ እየተሽከረከረ የሚገፋውን ክፍል) ስለሚበላ መለዋወጫ ሳይዙ ሩቅ ሳይት መሄድ አይታሰብም። መግዛት ያለባችሁ ማሽኑ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ውል በእጃችሁ ሲኖር ነው።

ለእኔ ትልቁ የዕድገት በር ማገገሚያው ነው። ቆፍሮ ብቻ የሚሄድ ተቋራጭ ሞልቷል፤ ዳርቻውን አስተካክሎ የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው፣ ወንዙም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ዳርቻ የሚናደው ከታች ነው። ውሃው እግሩን ቦርቡሮ ይበላዋል፣ ከዚያ ላዩ ከነሣሩ ዝርግፍ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን በድንጋይ ወይም በግንድ ያዙት፣ ቁልቁለቱን አለዝቡት፣ በቃጫ ምንጣፍ ሸፍኑት፣ ከዚያ ነው እንደ ቬቲቨር ያለ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ሣር ወይም አገር በቀል ዛፍ የሚተከለው። ተከላው ጎርፍ ሳይመጣ ሥር ለመስደድ ጊዜ እንዲያገኝ አድርጋችሁ መርሐ ግብሩን አውጡ። ዓሣ በሚራባበት ወቅት ደግሞ አትቆፍሩ፤ በሌላውም ጊዜ ድፍርሱ እንዳይሰራጭ ውሃው ውስጥ መጋረጃ ዘርጉ። ይሄን የሚያደርግ ተቋራጭ በአካባቢው ሰው ዘንድ ይታመናል፣ ፈቃዱም ብዙ አያስቸግረውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቅድመ ክፍያው ማሽን በማጓጓዝ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፣ ከየክፍያው የሚያዘው መያዣም የሚለቀቀው ከርክክብ በኋላ ነው። ሁለተኛ ሥራ የምትፈርሙት ይሄን ክፍተት የሚሸፍን ገንዘብ ካላችሁ ነው።

ካስረከባችሁ በኋላ አንድ የዝናብ ወቅት ሲያልፍ ተመልሳችሁ ወለሉን ለኩት። ምን ያህል ደለል እንደተመለሰና ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አጭር ሪፖርት ለአሠሪው ስጡና በዚያው የዓመታዊ ጥገና ውል ጠይቁ።